ለማደሪያ መኪና የሚሆን የቤት ባትሪ፦ ጄል ወይስ ሊትየም? ለጮቄ ቁርና ለዓባይ በረሃ የቱ ይሻላል?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ። በዕድሜ የገፋች አባዱላ መኪናችንን የኋላ ወንበሮቿን አንስተን ማደሪያ ያላት መኪና እያደረግናት ነው። አልጋው፣ የውሃ መያዣውና የዕቃ መደርደሪያው ተጠናቅቀዋል፤ ያልተነካው የኤሌክትሪኩ ሥራ ብቻ ነው። መኪናዋን የምንፈልጋት ለሁለት ጉዳይ ነው፤ አንደኛው ከቤተሰብ ጋር ቅዳሜና እሑድን ጣና ዳር ወይም ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ለማሳለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ወፍ ለማየትና ተራራ ለመውጣት የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ጮቄ ላይ ሁለት ሌሊት ለማደር ነው።

በባትሪው እንዲሠሩ የምፈልጋቸው 45 ዋት ገደማ የሚወስድ ባለ 12 ቮልት የኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ አራት ኤልኢዲ አምፖሎች፣ የውሃ ፓምፕ፣ ለሞቃት ሌሊት አንድ አነስተኛ ማራገቢያ፣ እንዲሁም የስልክ፣ የካሜራና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ናቸው። ፍሪጁ ለምግብ ብቻ አይደለም፤ አብረውን የሚጓዙት አባቴ ኢንሱሊን ስለሚወስዱ መድኃኒታቸው እንዳይበላሽ የግድ ያስፈልገናል። ጣሪያው ላይ፣ ከፖርቶ መጋላው በላይ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት ሶላር ለማሰር አስበናል።

እስካሁን ጠይቄ ያገኘሁት ምክር ሦስት ዓይነት ነው። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ሞተር የሚያስነሳውን ዓይነት ባትሪ አንድ ጨምርና ከዲናሞው ጋር አያይዘው» አለኝ። የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ (ከእርሳስ ባትሪ ዓይነቶች አንዱ ነው) እንድገዛ መከረኝ። ሌላው ደግሞ አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ለሁሉም ይበቃል ይላል። የትኛው ልክ ነው? መጠኑስ ስንት ይሁን? ክረምት ላይ ሶላሩ ደመና ሲጋረጥበት ምን ይደረጋል? በሥራው ያለፋችሁበት ምክራችሁን እንዳትነፍጉኝ እለምናለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድም ዓለም፣ ሥራውን ሳይጀምሩ መጠየቅዎ መልካም ነው። የመጀመሪያውን ምክር ከወዲሁ ይተዉት። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ስስና ብዙ የሆኑት ለሞተሪኖው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከፍተኛ አምፔር እንዲሰጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለፍሪጅ በቀስታ እየሰጠ እንዲያድር አልተሠራም። በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ኃይል መያዝ ያቆማል። ከዋናው ባትሪ ጋር በቀጥታ ካያያዙት ደግሞ ሁለቱ አብረው ስለሚወርዱ ጠዋት መኪናዋ ላትነሣ ትችላለች፤ ጮቄ ላይ የሚገፋ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በጄልና በሊትየም መካከል ከመምረጥዎ በፊት ግን በቀን የሚወስዱትን ኃይል በዋት ሰዓት ያስሉት። ብዙ ሰው ባትሪ ገዝቶ ሲያበቃ ነው ስሌት የሚጀምረው። ሁለተኛው ጥያቄ ኃይሉን ከየት መልሰው እንደሚሞሉት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ባትሪው የሚያድርበት ቦታ ቅዝቃዜና ሙቀት ነው። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ የባትሪው ዓይነት ራሱ ይመጣል።

መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ስሌቱን እኔ ልሥራው። ፍሪጁ 45 ዋት ቢሆንም ኮምፕረሰሩ እየተነሣና እየቆመ ስለሆነ በቀን ከ24ቱ ሰዓት 9 ሰዓት ያህል ቢሠራ 400 ዋት ሰዓት ይወስዳል። አራቱ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ሆነው 4 ሰዓት ቢበሩ 80 ይሆናል። ማራገቢያው 20 ዋት ሆኖ 8 ሰዓት ቢዞር 160፣ ፓምፑ በጠቅላላው ሩብ ሰዓት ቢሠራ 15፣ ስልኮቹ፣ ካሜራውና ላፕቶፑ ደግሞ ተደምረው 150 ገደማ ናቸው። ድምሩ በቀን 800 ዋት ሰዓት ነው እንበል። ጮቄ ላይ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም፤ ፍሪጁም በብርዱ እምብዛም አይነሣም፤ ስለዚህ እዚያ ከ800 በታች ይሆናል፣ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ይበልጣል።

አሁን የተሰጡዎትን ሁለት አማራጮች ከዚህ ጋር እናስተያያቸው። ሁለት ባለ 100 ጄል በ12 ቮልት 2400 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ዕድሜያቸው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በላይ ባይወሰድባቸው ይመረጣል፤ ስለዚህ እጅዎ የሚገባው 1200 ነው። አንዱ ባለ 100 ሊትየም አይረን ፎስፌት 12.8 ቮልት ስለሆነ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ 85 በመቶውን ያለ ሥጋት ቢወስዱ 1090 ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ አማራጮች በሚሰጡት ኃይል ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩም አንዱን ሊትየም ከአንዱ ጄል ጋር ሳይሆን ከሁለቱ ጋር ያወዳድሩ። ክብደትንም አይርሱ፤ ሁለቱ ጄሎች ተደምረው 60 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ፣ ሊትየሙ ግን ከ11 እስከ 13 ኪሎ ግራም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት 220 ቮልት የሚቀይረውን) ከገዙ ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ ሲበራ ብቻ ከ10 እስከ 20 ዋት የሚበላ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተረሳ ከ240 እስከ 480 ዋት ሰዓት ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም ከፍሪጁ ድርሻ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ በ12 ቮልት ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ በ12 ቮልት ያሠሩት፣ ስልክንም በዩኤስቢ ቻርጅ ያድርጉ፤ ኢንቨርተሩ ለላፕቶፕና ለካሜራ ብቻ ሲያስፈልግ ይብራ።

ዘንገና (እንጅባራ)

የመምህርን ስሌት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጄል ባትሪ እንዲህ በቀላሉ መጣል የለበትም። እኔ ላንድክሩዘሬ ላይ ያሰርኩት ጄል ነው፤ ዓመታት አገልግሎኛል። የምደግፈውም በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቢበላሽ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ተመሳሳይ ባትሪ ገዝቶ መንገድ መቀጠል ይቻላል፤ ሊትየም ግን በየከተማው አይገኝም። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚበላሽ ኤሌክትሮኒክስ የለበትም፤ ቴስተር የያዘ ማንኛውም ባለሙያ ሊመረምረው ይችላል። ሦስተኛውና ዋናው ብርድ ነው። እኛ አዊ ውስጥ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እናውቀዋለን፤ ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ጮቄ ደግሞ ከኛ ይብሳል። ሊትየም ከ0 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ቻርጅ ሊደረግ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። ለምን ታዲያ ለጮቄ ሊትየም ይመከራል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጋሼ ዘንገና ያነሡት ክርክር ተገቢ ነው፤ በተለይ የመለዋወጫው ጉዳይ እውነት ነው። መኪና አንድ ቦታ ቆሞ የሚቆይ ከሆነ፣ በመብራት ኃይል መስመርም በየማታው እስኪሞላ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ እኔም ጄል እመክራለሁ። የጠያቂያችን ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል።

የእርሳስ ባትሪ ሁሉ፣ ጄሉም፣ ኤጂኤሙም (አሲዱ በመስታወት ክር ንጣፍ የተመጠጠበት)፣ ውሃ የሚጨመርበትም፣ አንድ የጋራ ባሕርይ አለው፤ ሳይሞላ መቆየትን አይወድም። ግማሽ ሆኖ በቆየ ቁጥር ሰሌዳው ላይ የእርሳስ ሰልፌት እየጠነከረ ይሄዳል፣ የጠነከረውም በኋላ ቻርጅ ቢደረግ አይመለስም። ሙሉ ለማድረግ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላል፣ የመጨረሻው 20 በመቶ ግን ብዙ ሰዓት ይወስዳል። አሁን ሐምሌንና ነሐሴን ያስቡ። በጋ ላይ 200 ዋት ሶላር በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ አግኝቶ ኪሳራው ሲቀነስ 700 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ የጎጃም ደመና ሲከብድ ከዚህ ሲሶውን ማግኘትም ዕድል ነው። በዚያ ላይ የሚቀጥለው መንደር ቅርብ ስለሆነ መኪናው አንድ ሰዓት ብቻ ይነዳል። ባትሪው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ክረምቱ ያልፋል። ብዙ ሰው «የተሸጠልኝ ጄል አንድ ክረምት ብቻ አገለገለኝ» እያለ ሻጩን የሚወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባትሪው ሐሰተኛ ሆኖ ሳይሆን ሳይሞላ ስለከረመ ነው።

ሊትየም አይረን ፎስፌት በተቃራኒው ግማሽ ሆኖ መቀመጥ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሙሉ ሆኖ ከመቀመጥ ይልቅ ይስማማዋል። ያገኘውን ትንሽ ፀሐይ ሁሉ ሳይመርጥ ይቀበላል፤ ከሚገባውም ኃይል 95 በመቶ ያህሉን መልሶ ይሰጣል፤ የእርሳሱ ግን 80 በመቶ አካባቢ ነው። የሚሞላና የሚወርድበት ብዛትም ብዙ ሺህ ጊዜ ሲሆን፣ የእርሳሱ ወደ ግማሽ እየወረደ ጥቂት መቶ ጊዜ ነው። ለክረምታችን የሚሆነው እሱ ነው ብዬ የማምነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ብርዱ ያሉትን አልክድም። ከ0 በታች ሲሆን ችግሩ ቻርጅ ማድረግ እንጂ መጠቀም አይደለም፤ ቻርጅ ሲደረግ ሊትየሙ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ እንደ ብረት ሽፋን ሆኖ ይለጠፋል፣ ያም አይመለስም። አደገኛው ሰዓት ሌሊቱ ሳይሆን ጠዋት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ላይ ውርጩ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ ፀሐይዋ ፖርቶ መጋላው ላይ ያለውን ሶላር ታገኘዋለች፤ ሶላር ደግሞ በብርድ ይበልጥ በደንብ ይሠራል። ባትሪው ውጪ፣ ከወለሉ በታች ታስሮ ከሆነ ያን ጊዜ ይጎዳል። መፍትሔው ሁለት ነው። ባትሪው ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ሥር ይሁን፤ የሰው ትንፋሽና ሙቀት ያለበት ክፍል ውጪው ውርጭ ቢሆንም በቀላሉ ከ0 በታች አይወርድም፣ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ የሆነው ባትሪም በአንድ ሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በብርድ ጊዜ ቻርጁን ራሱ የሚያቋርጥ መሆኑ በጽሑፍ የተረጋገጠ ባትሪ ይግዙ። ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ ይህ የላቸውም።

ዘንገና (እንጅባራ)

ስለ ክረምቱ የተናገሩት አሳምኖኛል። የኔ መኪና ቤት ስትመለስ በየማታው መስመር ላይ ስለምትሰካ ነው ጄሉ የቆየልኝ። ጠያቂያችን ግን ሊትየም ገዝቶ የድሮውን የሶላር መቆጣጠሪያ እንዳይጠቀም አሳስባለሁ፤ አንዳንዱ የእርሳስ ባትሪ ለማደስ ሲል በየጊዜው ከ15 ቮልት በላይ ይሰጣል፤ ይህ ለሊትየም አይሆንም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እውነት ነው። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ሊትየም የሚል ምርጫ ያለው ኤምፒፒቲ (ከሶላሩ የሚቻለውን ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣ ዓይነት) ይሁን፤ ከፍተኛው ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት ይሁን፣ ማደሻ የሚባለው ደግሞ ይጥፋ።

እህት ከሞጣ

እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ አባታችን ኢንሱሊን ልናገር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ብዙው ዓይነት ደግሞ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ እስከ 28 ቀን ድረስ ከፍሪጅ ውጪ ይቆያል፤ ከማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ አይተው ያረጋግጡ። ከሙቀቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በረዶ ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መወጋት የለበትም፣ ይጣላል። ስለዚህ ፍሪጁን 5 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ መድኃኒቱ የፍሪጁን ግድግዳ ሳይነካ መሐል ላይ ይቀመጥ። ጮቄ ላይ ደግሞ ፍሪጁ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም፤ የመኪናው ውስጥ በጣም ከቀዘቀዘ በሥራ ላይ ያለውን ብልቃጥ በጋቢ ጠቅልለው ከአባታችን አጠገብ ያሳድሩት።

ስለ ባትሪው ባላውቅም፣ በመስክ ሥራ ላይ ያየሁት አንድ ችግር አለና መምህር ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። ባትሪው ሙሉ መሆኑን እያሳየ ፍሪጁ ግን ኃይል አነሰ ብሎ በየጊዜው ይጠፋ ነበር። ባትሪ ተቀየረ፤ መፍትሔ አልሆነም።

መምህር (ፍኖተ ሰላም)

እህት ዓለም፣ የመድኃኒቱ ምክር ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥያቄዎ ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ባትሪ እንዲቀይር የሚያደርግ ነው። ችግሩ በአብዛኛው ባትሪው ሳይሆን ገመዱ ነው።

እነዚህ ፍሪጆች የሚደርሳቸው ቮልት ከተወሰነ በታች ሲሆን ባትሪውን ለማዳን ራሳቸውን ያጠፋሉ። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ለአፍታ 8 አምፔር ያህል ይስባል። ከባትሪው እስከ ፍሪጁ 5 ሜትር ከሆነ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ላይ ይህ 0.12 ኦም ገደማ ስለሚሆን በመነሻው ጊዜ 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋል። ባትሪው ጋ 12.1 ቢሆን ፍሪጁ የሚያየው 11.1 ነው፤ ባትሪው አልቋል ብሎ ያስባል። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ቢሆን ጥፋቱ 0.35 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ለፍሪጁ ብቻውን የሚሄድ፣ ከአምፖልና ከፓምፕ ጋር ያልተጋራ፣ ወፍራም ገመድ ከራሱ ፊውዝ ጋር ይዘርጋለት፤ የሲጋራ መለኮሻውን ሶኬትም አይጠቀሙ፣ ሲላላ ይሞቃል።

ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሳይሆን ፍሪጁ መሰኪያ ላይ፣ ኮምፕረሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ይለኩት። ልዩነቱ ያን ጊዜ ይታያል።

ደጀን (ምሥራቅ ጎጃም)

እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ዓባይን በየሳምንቱ እወርዳለሁ እወጣለሁ። ስለ ዲናሞው ማንም ስላልተናገረ ልጨምር። ሊትየም ባትሪ ባዶ ሲሆን የሰጡትን አምፔር ሁሉ ይስባል፤ የእርሳሱ ባትሪ ግን እየሞላ ሲሄድ ራሱ ይቀንሳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ በቆላው ሙቀት ውስጥ፣ ንፋስ እምብዛም ሳያገኝ ነው የሚሄደው። የቆየ ዲናሞ ያን ጊዜ በሙሉ አቅሙ ሊትየም እንዲሞላ ከተደረገ ይቃጠላል። በመሐል ኃይሉን የሚመጥን ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ሳይገባ ሊትየምን ከዲናሞ ጋር አያገናኙ።

የራሴም ጥያቄ አለኝ። የኔ አይሱዙ ባለ 24 ቮልት ነው። ካቢኑ ውስጥ ለምተኛበት ሁለት ባለ 12 ቮልት ሊትየም በተከታታይ ባስር ይሆናል ወይ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። ለአባዱላዋ ባለ 20 አምፔር ቻርጀር ይበቃል፤ በሰዓት 270 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ከማርቆስ ባሕር ዳር ያለውን 265 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ5 ሰዓት ቢሄዱ 1300 ዋት ሰዓት ያገኛሉ፤ ክረምት ላይ ዋናው ምንጫቸው ፀሐይ ሳይሆን ይህ ነው የሚሆነው። ከፊተኛው ባትሪ እስከ ቻርጀሩ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይዘርጋ።

የእርስዎን በተመለከተ፣ በተከታታይ ማሰር የሚፈቀደው አምራቹ በመመሪያው ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ያልተፈቀደው ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ አንዱ ሲዘጋ የሚመጣበትን ቮልት አይችልም። ከማሰርዎ በፊትም ሁለቱን ለየብቻ እስኪሞሉ ቻርጅ ያድርጓቸው። ካገኙ ግን አንድ ባለ 25.6 ቮልት ባትሪ መግዛት ከሁሉ ይሻላል፤ ለተመሳሳይ ዋት የሚያልፈው አምፔር በግማሽ ስለሚቀንስ ገመዱም ይቀጥናል።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ይህን ያህል ትደክሙልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ስላለችኝ ላስቀድመው፦ በዚህ ባትሪ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማስኬድ ይቻላል ወይ? ካልሆነስ ለቡና ውሃ ማፍያ?

መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ምጣዱን ይተዉት። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ12 ቮልት ሲሰላ ወደ 300 አምፔር ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3500 ዋት ሰዓት ነው፣ ባለ 200 ሊትየም እንኳ ጠቅላላ የሚይዘው 2560 ብቻ ነው። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይሂድ።

የቡናው ግን ሊታሰብ የሚችል ነው። ደብረ ማርቆስ 2446 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጮቄ ላይ ከዚያም ያንሳል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ እስከዚያ ለማድረስ ከሚባክነው ጋር 110 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ኃይሉ ብዙ አይደለም፤ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ባለ 1500 ዋት ማፍያ ከኢንቨርተሩ ኪሳራ ጋር 140 አምፔር ይስባል፤ ብዙዎቹ ባለ 100 ሊትየም ባትሪዎች ደግሞ ከ100 አምፔር በላይ አይፈቅዱም። ጄል ቢሆንማ በዚህ ዓይነት ጭነት ከተጻፈበት 100 አምፔር ሰዓት 70ውን እንኳ ላይሰጥ ይችላል፤ የተጻፈው በ20 ሰዓት ውስጥ በቀስታ ሲወሰድ ነውና። ብዙ የኢንቨርተር መመሪያዎችም ከ2000 ሜትር በላይ አቅሙ እንደሚቀንስ ይናገራሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዘውም። እኔ ብሆን ቡናውን በቡታጋዝ አፈላለሁ፣ ባትሪውን ለፍሪጁ እተወዋለሁ።

እህት ከሞጣ

ቡታጋዙ ከመኪናው ውጪ ይሁን፤ በብርድ ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ አታብሩት። ከሰልማ ከነጭራሹ ወደ ውስጥ አይግባ።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እናደርገዋለን። ቡናው በቡታጋዝ ነው፣ ደጅ ላይ።

ባትሪውን ሊትየም ለማድረግ ወስኛለሁ። በስሌቱ መሠረት ፀሐይ ሳይኖር ለሁለት ቀን 1600 ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልገኝ አንድ ባለ 100 አይበቃም፤ በበጋ ሶላሩ ስለሚያግዝ ግን ለጊዜው ይበቃል። አቅሜ አሁን የሚፈቅደው አንዱን ነው፤ ሁለተኛውን ከክረምት በፊት ብጨምርበት ችግር ይኖረዋል? ሲገዛስ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የእርሳስ ባትሪ ቢሆን አሮጌና አዲስ አንድ ላይ አያስሩ እል ነበር፤ ሊትየም ላይ ግን በጥቂት ወራት ልዩነት መጨመር ይቻላል። ዓይነቱ፣ መጠኑና አምራቹ አንድ ይሁን። ጎን ለጎን ከማያያዝዎ በፊት ሁለቱን ለየብቻ እስከ መጨረሻው ይሙሏቸው፤ ቮልታቸው የተለያየ ከሆነ ባገናኙበት ቅጽበት ከአንዱ ወደ ሌላው ከፍተኛ አምፔር ይፈስሳል። ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ያውጡ፤ እንዲያ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሠራሉ። ከአንድ ባለ 200 ይልቅ ሁለት ባለ 100 ለእርስዎ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የአንዱ መቆጣጠሪያ ቢዘጋ እንኳ በሌላው ፍሪጁ ይቀጥላል፣ የአባታችንም መድኃኒት አይበላሽም።

ሲገዙ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጡት። 100 አምፔር ሰዓት ተብሎ 6 ወይም 7 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከሆነ በውስጡ የተባለው የለም። ደረሰኝ የሌለውን፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቀውን አይንኩት። ከዚያ እቤትዎ ወስደው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ ባለ 55 ዋቱን፣ ያብሩበት። በ13 ቮልት አካባቢ 60 ዋት ያህል ስለሚወስድ ትክክለኛው ባትሪ ከ19 እስከ 21 ሰዓት ያበራዋል። በ12 ሰዓት ከጠፋ መልሰው ይውሰዱት፤ ስለዚህ መመለስ እንደሚቻል ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። አምፖሉ በጣም ስለሚሞቅ ጨርቅም ካርቶንም አጠገቡ አይኑር።

ስንት እንደቀረ ለማወቅ በቮልት አይመኑ። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7፣ ግማሽ ሲሆን 12.1 ገደማ ስለሆነ በቴስተር ይነገራል፤ ሊትየም ግን 90 በመቶም ሆኖ 40 በመቶም ሆኖ 13 ቮልት አካባቢ ነው። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ባለ ሸንት መለኪያ ኔጋቲቩ ላይ ያስገቡ።

ዘንገና (እንጅባራ)

ፊውዙን እንዳይረሱ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሊትየም ሁለቱ ጫፎቹ ቢነካኩ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ኢንቨርተሩን ባለ 500 ዋት ብቻ አድርጌዋለሁ። ለዚህ ዋናው ገመድና ፊውዝ ስንት ይሁን? ባትሪውስ አልጋው ሥር በምን ይታሰር?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ዋናው ገመድ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ፊውዙ ባለ 100 አምፔር ይሁን፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው ባትሪ ሲመጣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ባትሪው በወለሉ ላሜራ ላይ በብሎን በተያዘ የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ በቀበቶ ይታሰር፤ የጮቄ መንገድ ያልታሰረ ነገር አይምርም።

ደጀን (ምሥራቅ ጎጃም)

ከዲናሞው ወገን የሚመጣው ገመድም ፊተኛው ባትሪ ጋ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስለሆነ አንዱን ጫፍ ብቻ መጠበቅ አይበቃም። ወለሉን በስታችሁ በምታሳልፉበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አስገቡበት፣ ላሜራው በንዝረት ገመዱን ይበላዋል። ከጭስ ማውጫው ቱቦም አርቁት። ደጀን ስታልፉ ቆማችሁ ብታሳዩኝ በእጄ ነክቼ የሚሞቅ መገናኛ ካለ አብረን እናየዋለን።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

በሚቀጥለው ሳምንት ገመዱን ገዝቼ እጀምራለሁ። ባትሪው እንደ መጣ የመብራቱን ፈተና ሠርቼ ስንት ሰዓት እንዳበራ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።